በክፍል ሥራ የተጀመሩ ሶፍትዌሮች

እ.ኤ.አ. በ1969/70 የትምህርት ዘመን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ስለ ሰርኪት ንድፍ ለመማር የተመዘገቡ ጥቂት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያልጠበቁትን ነገር ሰሙ። መምህራቸው ሮናልድ ሮረር የታሰበውን ትምህርት ትተው፣ ክፍሉ በሙሉ ተባብሮ የሰርኪትን ጠባይ በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም እንደሚጽፍ ነገሯቸው። ፕሮግራሙን የሚዳኙት ሌላው ፕሮፌሰር ዶናልድ ፔደርሰን ናቸው፤ እሳቸው ከተቀበሉት ሁሉም ያልፋል፣ ካልተቀበሉት ሁሉም ይወድቃል።

ፔደርሰን እንዲህ ላለው ዳኝነት የሚገቡ ሰው ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የቺፕ መሥሪያ ላቦራቶሪ ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ ስለዚህ ቺፕ ነዳፊዎች የሚጨነቁበትን ነገር በቅርብ ያውቁታል። ቀድሞ አንድ መሐንዲስ የነደፈውን ሰርኪት ጠረጴዛ ላይ በሽቦ ያገናኝና በመለኪያ እየነካካ ይፈትነው ነበር። ቺፕ ሲመጣ ይህ ዘዴ አላዋጣም። በአንዲት ትንሽ ሲሊኮን ላይ ተጠጋግተው የሚሠሩ ትራንዚስተሮች፣ ጠረጴዛ ላይ ተበታትነው በሽቦ ከተገናኙት ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ቺፑ ከተመረተ በኋላ ደግሞ ሽቦ ነቅሎ ማስተካከል የለም፤ ስህተት ከተገኘ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ሰርኪቱ ሳይሠራ በፊት ምን እንደሚያደርግ አስልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈለገው ለዚህ ነበር።

ተማሪዎቹ አለፉ። ከመካከላቸው ላሪ ናግል ፕሮግራሙን ይዘው ቀጠሉ። የመጀመሪያው ስሙ ካንሰር የሚል ምህጻረ ቃል ሲሆን የመጨረሻዎቹ ፊደሎች «ጨረርን ሳይጨምር» ማለት ነበሩ። በዘመኑ ብዙዎቹ የሰርኪት ማስሊያ ፕሮግራሞች በአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሰርኪት የኑክሌር ጨረር ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ማስላት ይጠበቅባቸው ነበር። የበርክሌይ ተማሪዎች ሥራቸው ለዚያ እንዳልሆነ በስሙ ላይ ሳይቀር አስታወቁ።

ሮረር ዩኒቨርሲቲውን ሲለቁ የናግል አማካሪ ሆነው የተተኩት ፔደርሰን አንድ ነገር አጥብቀው ጠየቁ። ፕሮግራሙ በባለቤትነት ገደብ የታሰረ ክፍል እንዳይኖረውና ለማንም በነፃ እንዲሰጥ፣ እንደገና መጻፍ አለበት አሉ። የተጻፈውም ስፓይስ የሚል አዲስ ስም ይዞ እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ ዋተርሉ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ቀረበ። በ1975 ናግል የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያዘጋጁበት ሁለተኛው ስፓይስ ወጣ።

ስፓይስ የሚሠራበት መንገድ ለማንም ሊገባ የሚችል ነው። ተጠቃሚው ሰርኪቱን በስዕል ሳይሆን በጽሑፍ ይዘረዝራል፦ ይህ ሬዚስተር ከአንደኛው መገናኛ እስከ ሁለተኛው፣ መጠኑ ይህን ያህል፤ ያ ትራንዚስተር ደግሞ ከእነዚህ ሦስት መገናኛዎች ጋር። ፕሮግራሙ ይህንን ዝርዝር ይዞ ኪርሆፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጡትን ሕግ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ይጽፋል፤ ወደ መገናኛው የገባው ከረንት ሁሉ ከመገናኛው መውጣት አለበት። ከዚያ የሚቀረው ብዙ እኩልታዎችን አንድ ላይ መፍታት ነው።

ችግሩ ዳዮድና ትራንዚስተር ላይ ይመጣል። በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ ስለማያድግ እኩልታው አንድ ጊዜ ተሰልቶ መልስ አይገኝለትም። ስለዚህ ስፓይስ መጀመሪያ ይገምታል፣ በግምቱ ያሰላል፣ ምን ያህል እንደሳተ ያያል፣ ግምቱን አስተካክሎ ደግሞ ያሰላል። የእህል ነጋዴ ሚዛኑ እስኪስተካከል በእፍኝ እየጨመረ እየቀነሰ እንደሚመዝነው ነው። በሁለት ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን መልሱን ይሰጣል። አንዳንዴ ግን ግምቱ እየተንከራተተ ጨርሶ አይረጋም፤ ያኔ ፕሮግራሙ መልስ ማግኘት እንዳልቻለ ተናግሮ ይቆማል። በስፓይስ የሠራ መሐንዲስ ሁሉ ያንን መልእክት ያውቀዋል።

ፕሮግራሙ በማግኔቲክ ቴፕ ተገልብጦ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ ተቀባዩ የሚከፍለው የቴፑን ዋጋ ያህል ነው። ትልቁን ሥራ ግን የሠሩት ተመራቂዎቹ ናቸው። ከበርክሌይ ወጥተው በየኩባንያው ሲቀጠሩ የለመዱትን ፕሮግራም አብረው ይዘው ሄዱ። እዚያ ያሉ መሐንዲሶች በእውነተኛ ቺፖች ላይ ፈተኑት፣ የሳተበትን ቦታ አገኙ፣ አንዳንዶቹም አርመው ለበርክሌይ መለሱ። ይህ ልውውጥ የአንድን ክፍል ሥራ ዓለም የሚሠራበት መሣሪያ አደረገው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ኳርልስ ሦስተኛውን ስፓይስ ከፎርትራን ወደ ሲ ቋንቋ አዛውረው ጻፉት። ዛሬ ተማሪዎች በነፃ የሚያወርዷቸው ኤንጂስፓይስና ኤልቲስፓይስ የዚያ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፔደርሰን በ1998 የዓለም አቀፉን የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ከፍተኛውን ሜዳይ ያገኙት በዚሁ በስፓይስ ነው።

የሒሳብ ማስሊያው የማትላብ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የነበሩት ክሊቭ ሞለር፣ ማትሪክስ የሚያሰሉ ጥሩ የፎርትራን ፕሮግራሞች ነበሯቸው፤ እንዲያውም በሥራው ራሳቸው ተሳትፈውበታል። ተማሪዎቻቸው ግን አንዲት ስሌት ለመሥራት ሙሉ የፎርትራን ፕሮግራም መጻፍ ነበረባቸው። ሞለር ይህንን ድካም ለማስቀረት ማትሪክስን በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያሰላ ቀላል ፕሮግራም ጻፉ። ስዕል መሣል አይችልም፤ ተጠቃሚውም የራሱን ትእዛዝ ሊጨምርበት አይችልም ነበር።

በ1979/80 ይህንኑ ፕሮግራም ይዘው በስታንፎርድ አስተማሩ። የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቹ ብዙም አልተደነቁም። የምህንድስና ተማሪዎቹ ግን ያዙት፣ አልለቀቁትም። የሚማሯቸው የቁጥጥር ሥርዓትና የሲግናል ትምህርቶች ከላይ እስከ ታች ማትሪክስ ናቸውና። ከእነሱ አንዱ ለጃክ ሊትል አሳያቸው። የቁጥጥር መሐንዲሱ ሊትል ሥራቸውን ለቀው ፕሮግራሙን ለግል ኮምፒውተር በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፉት፤ ስቲቭ ባንገርት አገዟቸው። በታኅሣሥ 1984 ማዝዎርክስ ኩባንያ ተመሠረተ። በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያዎቹን 10 ቅጂዎች ያዘዘው የኤም.አይ.ቲ. ሒሳብ መምህር ነበር፤ ደንበኛውም ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ማትላብ ከስፓይስ የሚለየው በመሸጡ ነው። ሽያጩ ብዙ ባለሙያ ቀጥሮ ምርቱን ለማሻሻል አስችሏል፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ፈቃዱን መግዛት ለማይችል ትምህርት ቤት በሩን ጠበብ አድርጎበታል። ሌላ መንገድ የከፈተውም እንደገና አስተማሪ ነው። በ1988 ገደማ ሁለት መምህራን፣ ጄምስ ሮውሊንግስና ጆን ኤከርት፣ ስለ ኬሚካል ሪአክተር ንድፍ መማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ አብሮት የሚሄድ ሶፍትዌር ፈለጉ። ተማሪዎቻቸው የኬሚካል ምህንድስናን ከሚማሩበት ይልቅ የፎርትራን ፕሮግራማቸው ለምን እንደማይሠራ ሲፈልጉ የሚያጠፉት ጊዜ በልጦ ነበር። ሶፍትዌሩንም ጆን ኢተን የተባሉ ባለሙያ በ1992 ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው መጻፍ ጀመሩ፤ የተገኘው ጂኤንዩ ኦክታቭ ነው። ስሙን ያገኘው ከሙዚቃ ሳይሆን የኢተን መምህር ከነበሩት፣ ውስብስብ ስሌትን በፍጥነት በመገመት ከሚታወቁት የኬሚካል መሐንዲስ ኦክታቭ ሌቨንስፒል ነው። ለማትላብ የተጻፈ ብዙ ፕሮግራም በኦክታቭም ይሠራል፤ ምንጩም ክፍት ነው።

ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ፦ አስተማሪ ተማሪው የሚቸገርበትን በዓይኑ አይቶ መሣሪያውን ለዚያ ችግር ሠራ፤ ተማሪውም መሣሪያውን ከውስጥ አወቀው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የምህንድስና ተማሪዎች ማትላብንና የሰርኪት ማስሊያ ፕሮግራሞችን ይጠቀማሉ። ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን መለኪያ ብዙ ተማሪ በሚጋራበት ቦታ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ኤንጂስፓይስ ትልቅ ነገር ነው። ሰርኪት ሳይቃጠል መቶ ጊዜ መሳሳት ይቻላል። ነገር ግን ትምህርቱ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን በማሳየት ብቻ ከቆመ፣ የበርክሌይ ተማሪዎች ያገኙት ዋና ነገር ይቀራል።

ያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሬዚስተርና ባትሪ ብቻ ያሉበትን ሰርኪት የሚፈታ ፕሮግራም፣ ኪርሆፍን የተማረ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በኦክታቭ በጥቂት ገጾች ሊጽፈው ይችላል። ከዚያ አንድ ዳዮድ ጨምርበት ሲባል፣ ግምቱ አልረጋ ሲለው፣ ለምን እንደማይረጋ ሲፈልግ ያለፉት ሰዎች የታገሉበትን ችግር ራሱ ይታገለዋል። ከዚያ በኋላ የኤንጂስፓይስን ምንጭ ቢከፍት እንግዳ አይሆንበትም፤ ስህተት ቢያገኝም ለአልሚዎቹ ማሳወቅ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ስፓይስ የሚያሰላው የተሰጠውን ሞዴል ነው። የትራንዚስተሩ ሞዴል ገበያ ላይ የተገዛውን ትራንዚስተር የማይመስል ከሆነ፣ ወይም ተማሪው የሙቀቱንና የሽቦውን ተጽእኖ ካልጻፈለት፣ ማያ ገጹ ላይ ያማረ ግራፍ ይወጣል፤ ሰርኪቱ ግን አይሠራም። ስለዚህ የሚጨበጡ የሰርኪት ክፍሎች፣ መልቲሜትርና ብየዳ ከኮምፒውተሩ ጎን ይፈለጋሉ። ኦክታቭም ቢሆን በሥዕላዊ ሣጥኖች ሥርዓት ለመንደፍ የሚያገለግለው ሲሙሊንክ የለውም፤ በዚያ ላይ የተመሠረተ የቁጥጥር ኮርስ ያለው አስተማሪ ሌላ አማራጭ መፈለግ ወይም ለዚያ ክፍል ብቻ ፈቃድ መግዛት ይኖርበታል። ለመስመራዊ አልጀብራና ለቁጥራዊ ስሌት ኮርሶች ግን ኦክታቭ ሙሉ በሙሉ ይበቃል።