የ«ሀ++ + ++ሀ» መልስ

ከቻናሉ ተከታዮች አንዱ የወርክሺት ፎቶ ላከልኝ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ በሲ ፕላስ ፕላስ ስለሚሰጥ ጥያቄው ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም፦ ሀ 5 ከሆነ «ሀ++ + ++ሀ» ስንት ይመጣል? ምርጫዎቹ 11፣ 12 እና 13 ናቸው።

መልሱ ከሦስቱ ውስጥ የለም። የመደመር ምልክቱ ግራና ቀኝ ካሉት የትኛው አስቀድሞ እንደሚሰላ የሲም ሆነ የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ አይደነግግም። ሁለቱም ወገኖች ደግሞ ያንኑ ቫሪያብል ይለውጣሉ። እንዲህ ያለ ኮድ ሲያጋጥመው ኮምፓይለሩ ምንም ግዴታ የለበትም። ዛሬ 12 ቢሰጣችሁ፣ ኦፕቲማይዜሽን ስታበሩ 13 ቢል ስታንዳርዱን አልጣሰም።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከፕሪሲደንስ ትምህርት ይመስለኛል። «ማባዛት ከመደመር ይቀድማል» ተብለን እንማራለን፤ እውነት ነው። ደንቡ የሚናገረው ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ብቻ ነው። «ሀ() + ለ() * ሐ()» ብላችሁ ጻፉ፤ ሦስቱም ፈንክሽኖች ሲጠሩ ስማቸውን ያትሙ። የለ እና የሐ ውጤት ይባዛል፣ የሀ ይደመርበታል። መጀመሪያ የሚጠራው ግን ከሦስቱ ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ 6ቱም ቅደም ተከተሎች የተፈቀዱ ናቸው። ቅንፍ መጨመርም ይህን አይለውጥም። ልዩነቱን ግን ያዙልኝ፦ እዚህ ኮምፓይለሩ ከ6ቱ አንዱን መከተል አለበት፣ በ«ሀ++ + ++ሀ» ግን ምንም የሚያስገድደው ነገር የለም።

ከግራ መጀመር ግዴታ የሆነባቸው ጥቂት ኦፕሬተሮች አሉ፦ «&&»፣ «||»፣ «?:» እና የኮማ ኦፕሬተር። የፈንክሽን አርጉመንቶችን የሚለየው ኮማ ግን ይህ ኦፕሬተር አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ይህ የጀማሪ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሲ ፕላስ ፕላስ ፈጣሪ ብያርነ ስትራውስትሩፕ ስለ ቋንቋው በጻፉት መጽሐፍ 4ኛ እትም ላይ በአንድ ጽሑፍ ላይ የመተካት ጥሪዎችን በሰንሰለት የሚያያይዝ ኮድ አስፍረዋል። ሁለተኛው ጥሪ የሚተካውን ቃል ቦታ አስቀድሞ ይፈልጋል። ፍለጋው የሚካሄደው ግን የመጀመሪያው ጥሪ ጽሑፉን ካሳጠረ በኋላ ነው ወይስ በፊት? የዚያን ጊዜው ስታንዳርድ ሁለቱንም ይፈቅድ ነበር። ከፍለጋው በኋላ ጽሑፉ ካጠረ የተገኘው ቦታ የተሳሳተ ይሆናል። ኮዱን በርካታ ባለሙያዎች አንብበውት ነበር፤ ችግሩን ያገኘው ግን ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው። ጋብሪኤል ዶስ ሬስ፣ ኸርብ ሳተር እና ጆናታን ኬቭስ ደንቡ እንዲጠብቅ ባቀረቡት ሰነድ ላይ ይህንኑ ኮድ ምሳሌ አድርገውታል።

ከዚያ የተገኘው በሲ ፕላስ ፕላስ 17 ገባ። አሁን በሰንሰለት ጥሪ የግራው ከቀኙ አርጉመንቶች በፊት ይሰላል። «<<» ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በ«=» ደግሞ የቀኙ ይቀድማል። ስለዚህ ሀ 5 ሆኖ «ሀ = ሀ++» ቢባል በሲ ፕላስ ፕላስ 17 ሀ 5 እንደሆነ ይቀራል፤ በሲ ግን ዛሬም ትርጉም የለውም። የአንድ ፈንክሽን አርጉመንቶች በየትኛው ተራ እንደሚሰሉ ሳይወሰን ቀረ፤ አንዱ ሌላውን አቋርጦ እንዳይገባ ብቻ ተከለከለ። እኔ ይህም እንዲወሰን እመኝ ነበር። ጃቫ ከግራ ወደ ቀኝ ብሎ ስለደነገገ «ሀ++ + ++ሀ» እዚያ ሁልጊዜ 12 ነው፤ የጃቫ ፕሮግራመር በዚህ እንቅልፍ አያጣም።

ወርክሺቱን ለላክህልኝ ወንድሜ፦ ኮርሱ የጃቫ ቢሆን 12 ብለህ ትከብብ ነበር። የሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ ግን ኮዱን ለመምህርህ ውሰድላቸውና በክላንግ አብራችሁ ኮምፓይል አድርጉት፤ ሳይጠየቅ ዋርኒንግ ያወጣል። በጂሲሲ ከሆነ መጀመሪያ የዋርኒንግ አማራጮቹን አብራ።