ዝም ካለው ቴፕ ውስጥ የማን ድምፅ አለ?

አሜሪካዊው የካሴት ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮዊትዝ ባሕር ዳርን በጎበኘበት ጊዜ ያገኘው አንድ አሮጌ ካሴት የአንድ አንጋፋ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛን የኑሮ አቅጣጫ ቀይሯል። ካሴቱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር እየተጫወቱ ብቻቸውን የቀረፁት ነበር። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ፣ ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ በሄደበት ጊዜ እዚያው ቀርተው፣ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ አድማጭ አስታወሳቸው። ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።

የኃይሉ ካሴት ተባዝቶ የተሸጠ ነበርና አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኝ ነበር። በእርስዎ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ካሴት ግን ምናልባት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የእናትና የአባትዎ ሠርግ ዘፈን፣ ከውጭ አገር አጎት በደብዳቤ ፈንታ ቀርፀው የላኩት ሰላምታ፣ በሕይወት የሌሉት አያት የመረቁት ምርቃት ሊሆን ይችላል። ድምፁን ለመስማት የሚያስፈልገው ደግሞ በትክክል የሚሠራ አንድ ቴፕ ነው።

ከሐይቁ ማዶ ያለው ሣጥን

ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትሄደው የጣና ጀልባ ለዓመታት ቁንዝላ አድራ ነበር ጉዞዋን የምትቀጥለው። መብራት ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ላሉት የሐይቅ ዳር ከተሞች በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ተስማሚ ዕቃ ነበር፤ በእጅ ተንጠልጥሎ ሠርግም ማኅበርም ይሄዳል፤ ያጫውታል፤ ይቀርፃልም። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ካሴቱን በቢክ እስክሪፕቶ እያሽከረከሩ ማጠንጠን ደግሞ የልጆች ሥራ ነበር።

ቤተሰብዎ ከቁንዝላ፣ ከዘጌ ወይም ከደልጊ የመጣ ከሆነ፣ ለበዓል ሲሄዱ የአያትን ሣጥን ይመልከቱ። የሐይቁ እርጥበትና የምድጃው ጭስ ለካሴትም ለቴፕም አይበጁም። በየዓመቱ «ሌላ ጊዜ» እያሉ የሚያልፉት ካሴት ሻጋታ እየያዘው፣ ድምፁን ለይተው «ይሄ እኮ እገሌ ነው» የሚሉት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው።

ቴፑ እንዴት ይናገራል?

ካሴትን በ1963 ለገበያ ያስተዋወቀው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ነው። ውስጡ ያለው ክር ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በላዩ የተቀባው የብረት ዝገት መሰል ዱቄት ድምፁን በማግኔት ኃይል ይይዛል። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጎተተ ሄድ በሚባለው የብረት ክፍል ፊት ያልፋል፤ ሄዱም በክሩ ላይ ያለውን አንብቦ ወደ ድምፅ እንዲቀየር ያደርጋል። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ወደ 86 ሜትር የሚጠጋ ክር አለው።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ክሩ ሲዘገይ የእናት ድምፅ የወንድ ይመስላል፤ ሲፈጥን ደግሞ የሕፃን። ፍጥነቱን የሚጠብቁት ሞተሩ፣ ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣው የጎማ ቺንጋ እና ክሩን ከቀጭን የብረት ዘንግ ጋር ጨብጣ የምትጎትተው ትንሽ የጎማ ተሽከርካሪ ናቸው። ከእነዚህ ቶሎ የሚያረጀው ጎማው ነው። ለዚህ ነው «ሞቷል» የተባለ ቴፕ ብዙ ጊዜ በአንድ ቺንጋ የሚነሣው።

አሮጌ ቴፕ ሲገዙ

ከመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በሠፈርዎ ካለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሲገዙ፣ የራስዎን ባትሪና የማያሳዝንዎትን አንድ ካሴት ይዘው ይሂዱ።

መጀመሪያ የባትሪውን ቤት ይክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካዩ ባትሪ ፈስሶበታል ማለት ነው። ጥቂት ከሆነ ይጸዳል፤ ብረቱ ተበልቶ ካለቀ ግን ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ይተዉት። ቀጥሎ ባትሪ አስገብተው ማጫወቻውን ይጫኑና ጆሮዎን ያስጠጉ። ሞተሩ እያጉረመረመ ካሴቱ ካልዞረ ጥፋቱ የቺንጋ ሊሆን ስለሚችል ተስፋ አለው። ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም፤ ወይም ሞተሩ ራሱ ተቃጥሏል። ካሴቱ እየዞረ ድምፁ ከታፈነ ደግሞ ሄዱ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል።

በአዳፕተር ለመሞከር አይቸኩሉ። በቴፑ ጀርባ የተጻፈውን የቮልት መጠንና የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን አቀማመጥ ከአዳፕተሩ ጋር ያመሳክሩ። የተገለበጠ አዳፕተር ደህናውን ቴፕ በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥገናው ከጽዳት ይጀምራል

በባትሪ ብቻ የሚሠራን ትንሽ ቴፕ እጁ የተፍታታ ሰው ቤት ውስጥ ሊያጸዳው ይችላል። በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ትልቁን ቴፕ ግን አይክፈቱ፤ እሱ የጠጋኝ ሥራ ነው።

የፈሰሰው አልካላይን ባትሪ ከሆነ፣ ዝገቱን በጥጥ በነካ አቼቶ ጠርገው ከዚያ በአልኮል ያድርቁት። ሄዱን፣ የብረት ዘንጉንና የጎማዋን ተሽከርካሪ ለማጽዳት ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና የጆሮ ጥጥ ይበቃል። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ አይደንግጡ፤ ከዓመታት ካሴት የተራገፈ ዱቄት ነው። ጥጡ ንጹሕ እስኪሆን እየቀየሩ ይጥረጉ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ካሴት አያስገቡ። በጠጅ ሳጥን ያለውን አረቄ ለዚህ አይጠቀሙ፤ ውኃው ብዙ ነው። ማግኔት ያለበት ጠመንጃ መፍቻም ወደ ሄዱ አያስጠጉ።

የቀለጠ ቺንጋ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ሳይጎትቱ በጥንቃቄ ያንሡትና በመንኮራኩሮቹ ላይ የቀረውን በአልኮል ያጽዱ። አዲስ ለመግዛት፣ ቺንጋው የሚያልፍበትን መንገድ በክር ዙሪያውን ለክተው ከልኬቱ በመቶ አምስት ያህል የሚያንስ ይምረጡ። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ለጊዜው ያዞረዋል፤ ነገር ግን ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል።

ቺንጋው ከተቀየረ በኋላ ፍጥነቱን የሚፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ። በካሴትም በስልክዎም ያለ አንድ ዘፈን ይምረጡና በሰዓት ይለኩ። በስልክ ሦስት ደቂቃ የፈጀው በቴፑ 2 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ከጨረሰ፣ ቴፑ በመቶ ሦስት ያህል ይፈጥናል። ብዙ ሞተሮች ፍጥነት የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አላቸው። እሷን የሚነኩት ግን ጽዳቱና ቺንጋው ካለቁ በኋላ፣ በጥቂቱ በጥቂቱ ነው።

ብርቅ ሞዴል ካጋጠመዎት

ሶኒ በሐምሌ 1 ቀን 1979 በጃፓን ለሽያጭ ያቀረበው የመጀመሪያው ዎክማን ሰማያዊና ብርማ ቀለም ያለው ሲሆን፣ ለሁለት ሰዎች የሚሆኑ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳዎች አሉት። ከአጠገብ ካለ ሰው ጋር ለማውራት ሙዚቃውን ዝቅ የምታደርግ ብርቱካንማ ቁልፍም አለችው። ሰብሳቢዎች ዛሬ በውድ ይፈልጉታል። እንዲህ ያለ ቴፕ እጅዎ ከገባ ቀለም አይቀቡት፤ የተሰበረውንም አካል አይጣሉት። ሁሉንም የተፈታ ብሎን በየቅደም ተከተሉ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ ከመፍታትዎ በፊትም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከጎማው በስተቀር የነበረው እንዳለ ቢቆይ ይመረጣል።

ጠጋኝ ዘንድ የሚወስዱት ከሆነ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦
– የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ሳይቀየር በፊት እንዲያሳይዎት፤
– የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስልዎት፤
– ሲረከቡ የራስዎን ካሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያጫውት።

መጀመሪያ በሌላ ካሴት ይሞክሩ

ቴፕ ክር የሚበላው ብዙ ጊዜ ከጎማዋ ያለፈውን ክር የሚጠቀልለው ወገን መዞር ሲያቆም ነው። ስለዚህ የተጠገነውን ቴፕ ቢያንስ በአንድ የማይፈለግ ካሴት ሁለቱንም ገጽ ያስጫውቱ።

ተራው የአያት ካሴት ሲሆን፣ አስቀድመው በመስኮቱ ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ ሻጋታ ካለበት አያጫውቱት፤ ቴፑንም ሌሎች ካሴቶችንም ይበክላል። ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ከሆነ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ክሩ እንዳይጣበቅ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ በቢክ ቀስ ብለው ያጠንጥኑት። ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሽ ጥጥ መሰል ንጣፍ ወድቃ እንደሆነም ያረጋግጡ። ሽፋኑ ቢሰበር ክሩን ወደ ሌላ ባዶ ሽፋን ማዛወር ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ። እነሱ ከሌሉ ቴፑ በላዩ ሊቀርፅ አይችልም። የልጅ ጣት በስሕተት ቀይዋን ቁልፍ ብትጫን እንኳ የአያት ድምፅ አይጠፋም።

ድምፁን ማውጣት

የማዳመጫውን ቀዳዳ በኬብል ከኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ ጋር ያገናኙ። ድምፁን መካከለኛ ያድርጉ፤ ከጮኸ ይሰነጠቃል። ካሴቱን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይቅረፁና ሳይታመቅ በዋቭ ፋይል ያስቀምጡት። ለቤተሰብ የሚልኩትን አነስተኛ ቅጂ ከዚያ ያውጡ። ዋናውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያኑሩ።

ፋይሉን «ካሴት 1» ብለው አይተዉት። ማን እንደሚናገር፣ የት እንደተቀረፀና በግምት መቼ እንደሆነ ይጻፉበት። ለዚህ የሚረዳዎት በዕድሜ የገፉት ዘመድ ናቸው። በሚቀጥለው በዓል ቁንዝላ ሲወርዱ ቴፑን ይዘው ይሂዱ፤ ቡና ሲፈላ ያጫውቱላቸውና ስልክዎን ከአጠገባቸው አስቀምጠው የሚሉትንም ይቅረፁ። «ይቺ እኮ እቴ ናት» የሚሉት እሳቸው ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።