ዘመነ ሉቃስን እንዴት እንቀበል?

በመስከረም 1 ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያስቀደሰ ሰው ሁለት ነገር ሰምቶ ይመለሳል። አንደኛው ሁላችንም የለመድነው ሰላምታ ነው፤ 2018 አልቆ 2019 ዓ.ም. ሲገባ ካህናቱ ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ ይሉናል። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው እናልፈዋለን። የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይታወጃል። የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም በየትኛው ሰኞ እንደሚያዝ፣ ስቅለትና ትንሣኤ፣ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ መቼ እንደሚውሉ ይነገራል። ዓመቱ ገና ከመባቱ የሰኔ በዓላት እንኳ ቀናቸው ታውቋል።

አንድ ክርስቲያን ወደ ፊት የሚመጣውን ጊዜ በምን ዐይን ማየት እንዳለበት ከዚህ አዋጅ በላይ የሚያስተምር ነገር አላውቅም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ቀኖቹን እንዴት እንደሚያገኙ እስቲ አብረን እናስላ። ከአራቱ የሒሳብ መደቦች ሌላ የሚያስፈልግ ዕውቀት የለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ትቆጥራለች። በዚህ ላይ 2019 ሲደመር 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለአራት ስናካፍለው 1879 ይደርስና 3 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን ዘመኑ የማቴዎስ፣ 2 ሲሆን የማርቆስ፣ 3 ሲሆን የሉቃስ ነው፤ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር የዮሐንስ ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነውና 2019 የሚያልቀው በጳጉሜን 6 ነው። አሁን 7519ን ከ1879 ጋር እንደምረውና 9398ን ለሰባት እናካፍል፤ 4 ይተርፋል። ከማክሰኞ ጀምረን አራት ስንቆጥር ዓርብ ላይ እናርፋለን። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ነው።

ቀጥሎ የጾሙ ስሌት ይመጣል። 7519ን ለ19 ስናካፍል 14 ይተርፋል። አንዱ ስለ ተጀመረው ዘመን ይተዋል፤ የቀረው 13 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 143 ይሆናል፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ 23 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 247 ይመጣል፤ ከእሱም ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ማወቅ ለሚፈልግ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ሲበልጥ በመስከረም ይውላል፤ የዚህ ዓመቱ ጥቅምት 7 ነው ማለት ነው። ያ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ ተውሳክ፣ ለቅዳሜ 8 ነው። ሰባትና ስምንት 15 ይሆናል፤ ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው መቁጠር ብቻ ነው። ከነነዌ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 29፣ ዐቢይ ጾም ይያዛል። በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 24 እሑድ፣ ትንሣኤ ነው። ዕርገት ሰኔ 3 ሐሙስ፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 እሑድ ይሆናል።

ይህን ቀመር ትውፊታችን ከእስክንድርያው ዐሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ ድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። ድሜጥሮስ ለፓትርያርክነት ከመጠራቱ በፊት የወይን አትክልተኛ ነበር። የነነዌና የዐቢይ ጾም መግቢያ ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ተመኝቶ ጸለየ፤ ስሌቱም ተገለጠለት ይባላል። ትውፊቱ ለእኔ የሚነግረኝ ሰውየው ምን እንደ ተመኘ ነው። በሚመጣው ዓመት ማን እንደሚነግሥ፣ ዝናቡ ይበዛ ወይም ያንስ እንደሆነ አልጠየቀም። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚጾምበትንና የሚደሰትበትን ቀን ነው የለመነው።

በአገራችን ግን በዘመን መለወጫ ሌላ ልማድም አብሮ ይኖራል። ዘመኑ በየትኛው ወንጌላዊ ገባ፣ በየትኛው ዕለት ዋለ እያሉ የዓመቱን ዕጣ የሚተነብዩ አሉ። አውደ ነገሥት የሚያስገልጥ፣ ለዓመት በዓል የሚታረደውን ዶሮ በላባው ቀለም የሚመርጥ ሰው ዛሬም አልጠፋም። ይህ ከፍርሃት የሚመጣ ነገር ስለሆነ በሰዎቹ ላይ መሳለቅ አይገባም፤ ጦርነትና መፈናቀል ያየ፣ ኑሮ የከበደው ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ቢሆንም የክርስትና መንገድ ይህ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ሲገሥጽ ማቀዳቸውን አልነቀፈም፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የሚለውን መተዋቸውን ነው የነቀፈው። ባሕረ ሐሳብም እንዲሁ ነው። የትንሣኤን ቀን ይነግረናል፤ ማን በሕይወት እንደሚደርስበት አይነግረንም። ቢያደርሰን ብለን የምንጨምረው ለዚህ ነው።

ዓመቱ የሉቃስ መሆኑ ደግሞ ለትምህርት የሚመች አጋጣሚ ነው። መስከረም 1 የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ነው፤ ቀኑን ራሱን ቅዱስ ዮሐንስ ብለን እንጠራዋለን። ከአራቱ ወንጌላት የዮሐንስን ልደት የሚተርከው የሉቃስ ወንጌል ብቻ ነው። ፍሬ አልባዋን በለስ የምናገኘውም እዚያው ነው። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት እንድትቆረጥ አዘዘ። አትክልተኛው ግን የዚህን ዓመት ብቻ እንዲታገሣት ለመነላት። በዓውደ ዓመት ስብከት ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ንግግሩ ዕድሜ ተጨመረልን በሚለው ያበቃል። አትክልተኛው ግን ከልመናው ጋር ሥራም ተቀብሏል፤ ዙሪያዋን እንደሚኮተኩትላት፣ ፍግ እንደሚያደርግላት ቃል ገብቷል። ደግሞም ልብ በሉ፤ በለሲቱ በመጨረሻ አፈራች ወይስ ተቆረጠች የሚለውን ወንጌሉ አይነግረንም። ታሪኩ የቆመው መቆፈሪያው ሳይነሣ ነው። እኛም መስከረም 1 ላይ የምንቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ዓመቱ ተሰጥቶናል፣ ፍሬው ገና አልታየም።

ይህ ተስፋ መከራን የረሳ ተስፋ እንዳይመስለን ቀጣዩን ቀን እንይ። ዮሐንስ ስለ እውነት ተናግሮ አንገቱ የተቆረጠበት መታሰቢያ መስከረም 2 ነው። እንቁጣጣሽ በተከበረ ማግስት ማለት ነው። የግብፅ ክርስቲያኖችም በዚሁ በመስከረም 1 አዲስ ዓመታቸውን ይቀበላሉ፤ ዘመናቸውን የሚቆጥሩት ግን ክርስቲያኖችን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ284 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። በዚህ አቆጣጠር በ2019 የሚገባው 1743ኛው ዓመት ነው። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ክፉ ነገር እንደማይደርስባቸው አምነው ዓመቱን አልጀመሩም፤ ቢደርስም ትንሣኤ በቦታው እንዳለ አምነው ነው።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ወገኖቻችንም ዋዜማውን በጸሎት አድረው ዓመቱን ይቀበላሉ። በአሜሪካ ያሉ ብዙ አጥቢያዎች በዓሉን ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሑድ ያዛውሩታል። ዓርብ የዕረፍት ቀን በሆነባቸው የዐረብ አገሮች ለሚሠሩና ዕረፍት ለሚያገኙት ደግሞ በዓሉ በዚህ ዓመት ከዕረፍታቸው ጋር ይገጥማል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቸኩለህ አትውጣ፤ አዋጁን ቆመህ ስማ። የካቲት 15፣ የካቲት 29፣ ሚያዝያ 24 ብለህ ቤትህ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አስምር። ከዚያ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና ነነዌ ከመግባቱ በፊት ልታስተካክለው የምትፈልገውን አንድ ነገር ንገራቸው። የተጣላኸው ወንድም ካለ ዐቢይ ጾምን አትጠብቅ፤ በመስከረም ታረቅ።