ደረቁ ወደባችን መተማ



ከሸሕዲና ከመተማ የመጣን ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ «እናንተ ጋ ምን ታሪካዊ ሕንጻ አለ?» የጎንደር ልጅ ግንቡን፣ የሐረር ልጅ ጀጎልን ይጠራል። እኛ ዝም እንላለን። እውነቱን ለመናገር ለረጅም ጊዜ እኛም ምንም የለንም ብለን እናምን ነበር።

መተማ ባሕር የላትም እንጂ ወደብ ነበረች። ከጎንደር በጭልጋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ መተማ ደርሶ ዕቃውን ያራግፋል፤ ዕቃው በገዳሪፍ አድርጎ እስከ ቀይ ባሕሯ ሱዋኪን ይዘልቃል። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና ወርቅ በዚህ በኩል ይወጣ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ከነዋሪዎቿ መካከል ዋነኞቹ ተክሩሮች ነበሩ፤ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ካለው የምዕራብ አፍሪካ ምድር ለሐጅ ተነሥተው በመንገድ ላይ የቀሩ ሙስሊሞች።

እንግዲህ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎችን እናወዳድር። ሱዋኪን ላይ ነጋዴዎች ከባሕር ዛጎል ድንጋይ (ኮራል) ፎቅ ሠርተዋል። የጉምሩክ ቤት፣ መስጊዶች፣ ወካላ የሚባል የነጋዴ ማረፊያም ነበራት፤ ወካላ ማለት መሐሉ ግቢ፣ ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ፎቁ መኝታ የሆነ ሕንጻ ነው። መተማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1862 የመጣው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ያገኘው የሣር ጎጆ ነው። ያው ንግድ፣ ያው ገንዘብ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

አንደኛው ምክንያት ክረምቱ ይመስለናል። ሰኔ ሲገባ ጓንግ ይሞላል፣ ጥቁሩ አፈር ይጨቀያል፣ ወባው ይነሣል፤ ግመልም በቅሎም አይንቀሳቀስም። ገበያው የበጋ ገበያ ነው። ለስድስትና ሰባት ወር የሚመጣ ነጋዴ የድንጋይ ቤት ምን ያደርግለታል? ሽመሉና ሣሩ ደግሞ ደጃፉ ላይ ነው። በምሕንድስና ዓይን ብናየውም ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ሾጣጣው ጣሪያ ዝናቡን ቶሎ ያወርዳል፣ ወፍራሙ ክዳን ሙቀቱን ይከለክላል። ዛሬ ቆርቆሮ ሥር ቁጭ ብለን በሚያዝያ ሐሩር ስንጠበስ ይህ በደንብ ይገባናል! ጠላቱ ምስጥና እሳት ነው።

እሳቱም አልቀረላትም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚሁ ነው፤ መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም ከዚያ መጣ። በ1894 ዓ.ም. የድንበር ውል ተፈረመና አንድ የነበረው የገበያ ምድር በአንድ ኾር ለሁለት ተከፈለ፤ ወዲያ ማዶ ጋላባት፣ ወዲህ መተማ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን በታንክና በአውሮፕላን ተታኮሱባቸው። ሣር ቤት ከነደደ ፍርስራሽ እንኳ አይተርፈውም፤ ለዚህ ነው ለጠያቂ የምናሳየው ያጣነው።

ግን ድንጋዩስ ዳነ? ሱዋኪንን ያፈረሳት ጦርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 ፖርት ሱዳን ሲከፈት ነጋዴው ጥሏት ሄደ። የኮራል ግንብ ኖራው በየጊዜው ካልታደሰ ጨውና እርጥበት ይበላዋል፤ የሚቀባው ሰው ሲጠፋ ፎቆቹ በራሳቸው ጊዜ ተናዱ።

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ከመካከላችን የአንዱ አያት ሱቅ ሊፈርስ መሆኑን ሰማን። የእንጨት ምሰሶ፣ የጭቃ ምርግ፣ ከፊቱ ራኩባ ያለው ቤት ነው፤ በቦታው ብሎኬት ሊሠራበት ነው። ሜትር ይዘን ሄድን። አያታችን ሳቁብን፤ «ይህንን ደግሞ ማን ይለካዋል?» እያሉ ግን ምሰሶዎቹ የተቆረጡበትን ጫካ፣ ሰሊጡ የሚከመርበትን ጥግ፣ ግመሎች የሚታሰሩበትን ጉቶ አንድ በአንድ አሳዩን። ንድፉን ሠርተናል። የጉቶው ቦታም በላዩ ላይ አለ።