የክረምት ብርድ፥ የቡና ሲኒና መጽሐፍ

ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ስትቈጥር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ትለዋለች፤ በዚህ ወራት በወልቂጤ ከተማ የሚወርደውን ዝናምና ዝናሙን ተከትሎ የሚመጣውን ብርድ የቀመሰ ሰው ሁሉ፥ ከቀትር በኋላ ቤቱ ተቀምጦ፥ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ መጽሐፍ መግለጥ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ሳይነገረው ያውቃል። ሆኖም ብርዱ ከየት እንደ መጣ፥ ቡናውም በሥጋችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ መመርመር ደስታውን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

የአውሮፓ ሰው ክረምት የሚለው ፀሐይ ከአገሩ የራቀችበትን፥ ቀኑም ያጠረበትን ወራት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ወልቂጤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ ስለሆነች፥ በሐምሌና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከአናቷ እምብዛም አትርቅም፥ ቀኑም ከሌሊቱ ይረዝማል። ይሁን እንጂ የዝናሙ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣልና፥ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ደጋችንን ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ ደመናውም ብዙውን ብርሃን ወደ ጠፈር ይመልሰዋል። እንግዲህ የሚበርደን ፀሐይ ርቃን ሳይሆን፥ እርሷው የጠራችው ደመና ጋርዷት ነው። በዚህ ላይ ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ደግሞ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

በብርድ ቀን ቡና ያሞቃል እንላለን። ነገሩን በሒሳብ ብንፈትነው ግን፥ 80 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ሲኒ በ70 ዲግሪ ሙቀት ብትጠጣ ለሰውነት የምትሰጠው ሙቀት ከ2.6 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም፤ 60 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ግን 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሲኒዋ የምታሞቀን የአንዲት ዲግሪ ሃያኛ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ እፎይታ ከየት መጣ ቢሉ፥ ከእጅ ነው። ብርድ ሲመጣ ሰውነት ለልብና ለአንጎል ሙቀት ለመቈጠብ ሲል የጣቶችን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ጆሮ የሌላት ሲኒ በጣቶች መካከል ስትያዝ ግን የጠበቡት ሥሮች ይከፈታሉ፥ ሙቀትን የሚለዩ ነርቮችም በብዛት የሚገኙት በእጅና በፊት ስለሆነ፥ በመዳፍ የተሰማው ሙቀት የመላ ሰውነት ሙቀት ሆኖ ይሰማናል።

በጉራጌ ቤት ቡና በጨውና በቅቤ የሚጠጣበት ልማድ አለ፤ ይህን እንግዳ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር ከጥበቡ ጋር አልተዋወቀም ማለት ነው። ጨው የመራራነትን ስሜት በምላስ ላይ እንደሚያደክም የጣዕም ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ከቡና መዓዛ ብዙው ክፍል ደግሞ በቅባት ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ፥ ቅቤው መዓዛውን ይዞ በአፍ ውስጥ ቀስ በቀስ ይለቀዋል።

ከዚህ በላይ አጥብቄ የምናገረው ቡናው ስለሚፈላበት ከሰል ነው። ጥንታዊው የጉራጌ ጎጆ ክዳኑ ሣር ስለሆነ፥ በውስጡ የሚነደው እሳት ጭሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል። በቆርቆሮ፥ በኮርኒስና በሲሚንቶ የተሠራው የዛሬ ቤት ግን በርና መስኮቱ ከተዘጋ አየር አያስተላልፍም፤ በዚህ ቤት የከሰል ምድጃ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፥ የደምን ቀይ ንጥረ ነገርም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ምታትና ድብታ ያስከትላልና፥ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ሰው የንባብ ድካም መስሎት እዚያው ሊያንቀላፋና ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ቡናው ከፈላ በኋላ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ብርዱ ቢገባ ጋቢ መደረብ ይሻላል።

አንባቢን ነቅቶ እንዲቈይ የሚያደርገው ካፌን፥ ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር ነው። ነቅተን በዋልን መጠን አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎላችን እየተጠራቀመ ድካምን ያሳውቃል፤ ካፌንም የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ድካሙ ግን እዚያው አለ፥ የሚቀረው መልእክቱ ብቻ ነው። ደመና ያደበዘዘው የክረምት ብርሃን አንጎልን በሚገባ ስለማያነቃ፥ በዚህ ወራት ይህ እርዳታ እጅግ ይፈለጋል። ካፌን በሙቅ ውኃ ፈጥኖ የሚሟሟ ስለሆነ ብዙው በአቦል ይወጣል፤ ቶናና በረካ ከኃይላቸው ይልቅ ጨዋታን በማስረዘም ይወደዳሉ።

ለወልቂጤ አንባቢ የሚስማማ መጽሐፍ ቢጠየቅ፥ የጉራጌ ተወላጅ የሆነው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቻሃ ቋንቋ ስለ ጉራጌ ገጠር ኑሮ የጻፈውን፥ በፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው ተተርጕሞ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ የታተመውን የሺኔጋን መንደር ታሪክ እመርጣለሁ። ካፌን በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳልና፥ በ10 ሰዓት አቦሉን ጠጥቶ ንባብ የጀመረ ሰው በምሽቱ 3 ሰዓት ገና ገሚሱ አብሮት አለ፤ በጊዜ መተኛት የሚሻ ግን ቡናውን ከምሳ ጋር አያይዞ ይጠጣ።