የጥራት ምስክር ወረቀትና የተከራይ ቤት

የቤት አስተዳደር ድርጅቶች በቢሯቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የጥራት ምስክር ወረቀት አገልግሎታቸውን ያሻሽላልን? ብዙዎቻችን በኦክላንድና በሳን ሆዜ ተከራይተን የምንኖር በመሆናችን፣ ጥያቄው የኑሮ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአይኤስኦ 9000 ደረጃ የሚመሰክረው ድርጅቱ የሥራ ሥርዓት አውጥቶ መከተሉን እንጂ ጣራው አለማፍሰሱን አይደለም። አቤቱታው ተመዝግቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶትና በቀኑ መልስ አግኝቶ ጣራው እንዳፈሰሰ ሊከርም ይችላል። እርግጥ፣ በ2000 የተደረገው ክለሳ የደንበኛን እርካታ መከታተልን ግዴታ አድርጓል። ይሁንና ደንበኛው ማን ነው? ለአስተዳዳሪው ድርጅት ዋጋ የሚከፍለው ባለንብረቱ ነውና፣ እርሱን የሚያስደስተው የወጪ ማነስ ተከራዩን ሊያስመርር ይችላል። ችግሩ ከዚህ ላይ ይመነጫል እንላለን።

ምስክርነት ፍሬ የሚሰጠው መዘዝ ሲኖረው ነው። የሳን ሆዜ ከተማ ታሪካቸው ያማረውን ሕንፃዎች በየስድስት ዓመቱ፣ ጉድለት የበዛባቸውን ግን በየሦስት ዓመቱ ይፈትሻል፤ ስለዚህ ቤትን በደንብ መያዝ ለባለንብረቱም ይጠቅማል። በአንጻሩ መጋቢት 27 ቀን 2017 በኦክላንድ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ በተነሣው ቃጠሎ አራት ሰዎች ሞተዋል። ተቆጣጣሪዎች የሕንፃውን ጉድለት ከቃጠሎው ጥቂት ቀናት በፊት በጽሑፍ መዝግበውት ነበር።

የቀረው ምስክር ራሱ ተከራዩ ነው። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1942.5 ስለ ቤቱ ጉድለት አቤት ያለን ተከራይ መበቀልን ይከለክላል፤ ሆኖም ከወገኖቻችን መካከል ይህን አንቀጽ በአማርኛ ተጽፎ ያነበበ እምብዛም አላጋጠመንም።