መርፌና አማና

«መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል ሰው ያልገጠመው ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። እኛም በባሕር ዳር ሹም አቦ ሠፈር ስናስተምርና ከጎረቤት ጋር ስንኖር ይህን ደጋግመን ሰምተናል። እናት ለታመመ ልጇ ኪኒን ሲታዘዝላት ቅር ይላታል፤ መርፌ ሲታዘዝላት ግን «አሁን ገና ታከመልኝ» ትላለች። አንዳንዱም ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረፋ ከሚጠብቅ ይልቅ «እጁ መልካም ነው» የሚባልለትን መርፌ ወጊ ወደ ቤቱ ይጠራል። ወጊው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። የታመመን መርዳት አጅር የሚያስገኝ ሥራ መሆኑንም ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ኒያ ቢያምርም የቆሸሸ መርፌን አያጠራም።

ከግብፅ የምንማረው

ቢልሃርዚያን የጣና ዳር ሰዎች እናውቀዋለን። በውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚወጣ ጥቃቅን ትል ቆዳን በስቶ ሲገባ የሚይዝ በሽታ ነው። የዓባይን ውሃ ተከትለን ብንወርድ የምናገኛት ግብፅም በዚሁ በሽታ ለዘመናት ተሠቃይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሕዝቡን ለመፈወስ ሰፊ ዘመቻ ተካሄደ። መድኃኒቱ በደም ሥር ተደጋግሞ የሚወጋ ነበር። የመስተዋት ሲሪንጁ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ በመካከሉም እንደሚገባው አይቀቀልም ነበር። በዚህ ምክንያት ቢልሃርዚያን ሊያጠፋ የተወጋው መርፌ ጉበትን የሚጎዳውን ሄፓታይተስ ሲ የተባለ ቫይረስ አስፋፋ። ግብፅም በዚህ በሽታ ከዓለም ግንባር ቀደም ከተጠቁት አገሮች አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቧን በሰፊው መርምራ ማከም ጀመረች፤ በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ያደረገችውን ጥረት መስክሮላታል። ይሁን እንጂ በዚያ መሐል በጉበት በሽታ ያለቀውን ሰው የሚመልሰው የለም። ቢልሃርዚያ ዛሬ ፕራዚኳንቴል በተባለ ኪኒን ይታከማል፤ መርፌ አያስፈልገውም።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር፣ ራቶዴሮ በምትባል ከተማ ከ900 በላይ ሰዎች ኤች አይ ቪ ተገኘባቸው። አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ጉዳዩን የመረመሩት ባለሙያዎች በዋነኛነት ያገኙት ምክንያት በአካባቢው ክሊኒኮች ሲሪንጅ ተደጋግሞ መሠራቱን ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱት ለትኩሳትና ለሳል ነበር።

አንድ መርፌ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ

«መርፌውን እቀይራለሁ፣ ሲሪንጁ ግን ያው ነው» የሚል ወጊ አለ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መርፌው ከሥጋ ሲወጣ ለዓይን የማይታይ ደም ወደ ሲሪንጁ ሊገባ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ እንኳ በአንድ ሲሪንጅ መወጋት የለባቸውም። በፍቅር መተሳሰባችን ቫይረሱን አያግደውም።

የነርስነት ትምህርት የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም የሚታከሙ ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባው ሥርዓት የሚከተለው ነው፦

1ኛ፦ ከመወጋት በፊት አምስት ነገር ይረጋገጥ፤ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። «አሕመድ ነህ?» ተብሎ ከሚጠየቅ «ስምህ ማን ነው?» ቢባል ይሻላል፤ የታመመ ሰው ለሁሉም «አዎ» ሊል ይችላልና።

2ኛ፦ ባለሙያው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሲሪንጁ ከታሸገበት የሚፈታው ሕመምተኛው እያየ ይሁን።

3ኛ፦ ቆዳው በአልኮል ለ30 ሴኮንድ ከመሐል ወደ ውጭ ይጠረግ፤ ከዚያ 30 ሴኮንድ ያህል ይድረቅ። ጥጡ በዚያው ሰዓት ይነከር። ጥጥን በአልኮል ነክሮ በብልቃጥ ማኖር ተሕዋስያን እንዲራቡበት ያደርጋል።

4ኛ፦ በጡንቻ የሚወጋው መርፌ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ይገባል። በቆዳና በጡንቻ መካከል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በ45 ዲግሪ፣ እንደ ቢሲጂ ክትባት በቆዳው ውስጥ የሚሰጠው ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ሕፃን በጭኑ መሐል በውጭ በኩል ይወጋል እንጂ በመቀመጫው አይወጋም። በመቀመጫ በኩል ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ፤ እርሱ ከተነካ ልጁ ሊያነክስ ይችላል።

5ኛ፦ ፔኒሲሊን ለሚወጋ ሰው «ከዚህ በፊት መድኃኒት አሳክኮህ ወይም አሳብጦህ ያውቃል?» ተብሎ ይጠየቅ። ከተወጋም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል እዚያው ይቆይ። ሰውነቱ መድኃኒቱን ካልተቀበለው ትንፋሹ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጥረው ይችላል፤ ያኔ የሚያድነው አድሬናሊን ነው። መርፌ ወጊው ወደ ቤት ሲመጣ ይህን መድኃኒት ይዞ ይመጣልን?

6ኛ፦ ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ተመልሶ አይደፈን፤ ብዙ ባለሙያ የሚወጋው ያን ጊዜ ነው። በቀጥታ ለስለት ወደተዘጋጀው ካርቶን ይጣል፤ ካርቶኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ።

በቤት ውስጥ ኢንሱሊን ለሚወጉ

ስኳር በሽታ ያለባቸው ብዙ ወገኖቻችን ራሳቸውን ይወጋሉ። የሚወጉበትን ቦታ ይቀያይሩ፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲወጋ ሥጋው ያብጥና መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግም። ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለል እንጂ አይናጥ። የተከፈተው ብልቃጥ ከ28 ቀን በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ባሕር ዳርን በመሰለ ሞቃት ከተማ፣ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ቢሞላ መድኃኒቱን ከሙቀት ይጠብቅለታል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ግን ይጣል።

በረመዳን ብዙዎች «መርፌ ጾም ያፈርሳልን?» ብለው ይጠይቁናል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ በቆዳ፣ በጡንቻም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ምግብነት ያለው ፈሳሽ ካልሆነ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ ለጾም ብሎ መድኃኒትን ማቋረጥ አይገባም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው ያፍጥር፤ ለሕመምተኛ ሩኽሳ አለውና።

ልጆቻችንና የተጣለ መርፌ

ልጆች የተጣለ ሲሪንጅ አንሥተው ውሃ ሲረጩበት በየሠፈሩ እናያለን። በቤት ያገለገለ መርፌ በማይበሳ ክዳናም ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ። ልጅ በተጣለ መርፌ ከተወጋ ቦታው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ አይጨመቅ። ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

ወላጆች ሆይ! ልጅ በእጃችን ያለ አማና ነው። «ይህ በኪኒን አይሆንም ወይ?»፣ «ሲሪንጁ አዲስ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም አይከፋበትም። ነርስ ልትሆኑ የምትማሩ ወጣቶችም ሰው ሰውነቱን አምኖ እንደሚሰጣችሁ አትርሱ። ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ፣ ማንም በማያያችሁ ሰዓት አዲሱን ሲሪንጅ ስትፈቱ አማናችሁን እየተወጣችሁ ነው። አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ በእጃችንም ማንንም ከመጉዳት ይጠብቀን። አሚን።